ዜና አባ ካብ፦ ሆላንዳዊው ሄኖክ የጂንካን የውሃ ወረፋ አፍርሰው እንደ ካቡ

በ፳፻፮ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ጥር፣ ታላቁ ጀኔሬተር ተቃጥሎ ሳይጠገን ዓመቱን በደገመበት፣ ኮብልስቶን በጂንካ ጎዳናዎች ላይ በነገሠበትና ሕዝበ ከተማው አውራ ጣቱን በእንቅፋት በገበረበት፣ በከተማይቱ እምብርት ባለው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ላሞች ሲግጡ ውለው አውሮፕላን ሲመጣ እየተነጫነጩ ቦታ በሚለቁበት ዘመን፣ ከባሕር በታች ካለች ሀገር የመጡት፣ የበር ጉበን ሁሉ ግንባራቸውን የሚያውቀው፣ አፍንጫቸው በፀሐይ እየተላጠ የሚታደሰው፣ ፍሬን በሌላት ብስክሌት ቁልቁለት የሚደፍሩት፣ የበጎ ፈቃድ ዘማች ሄንድሪክ ወልደ ያን፣ በሀገሬው አጠራር ሄኖክ፣ ስለ ሠሩት ሥራ ይህ ዜና ተጻፈ። ነገሥታት በፈረሳቸው ስም ይጠራሉ፤ እርሳቸው ፈረስ ስላልነበራቸው የብስክሌት ስማቸው አባ ካብ ተባለ፤ እንዴት እንደ ተባለም ከታች ይገኛል። ጸሐፊው በዚህ ሁሉ አንዳች አልጨመረም፤ የጨመረው ቢኖር እውነቱ አንሶ በታየበት ቦታ ብቻ ነው።

የትውልዳቸው ነገር እንዲህ ነው። በሆላንድ ውሃ ዘመድ ሳይሆን ጠላት ነው። የሄኖክ አባቶች ባሕርን በካብ ከልለው፣ በነፋስ ወፍጮ መጥጠው፣ ከደጃፋቸው አባርረው፣ በወለሉ ላይ ድንች ተክለው የበሉ ጀግኖች ናቸው። በዚያ ሀገር ለውሃ የተሰለፈ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ይልቅስ ውሃው ነው ከግድቡ ማዶ ተሰልፎ ልግባ አልግባ እያለ የሚለማመጠው። እንግዲህ የእነዚያ የባሕር አባራሪዎች ልጅ፣ የአባቶቹን ኃጢአት ሊከፍል ይሁን አይታወቅም፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ጂንካ ገባ።

ወእምዝ፣ ከገቡ ጀምሮ ያልዘመቱበት የለም። ወደ ቱርሚ በአይሱዙ ላይ ዘምተው፣ አቧራው ነጭ አድርጎ የወሰዳቸውን ቀይ አድርጎ መለሳቸው። ወደ ሃና ከተማ ሊዘምቱ መኪና ጠብቀው ጠብቀው፣ መኪናው ሳይመጣ የመናኸሪያውን ሰው ሁሉ ዘመድ አድርገው ተመለሱ። በካኮ ገበያ በሙዝ ዋጋ ተከራክረው ድል ነሡ፤ የማረኩትን ዘለላ በብስክሌት ጭነው ከመናኸሪያ ወደ ቤት ሲገቡም ከሙዙ በቀር ብስክሌትም ሰውም አልታየም። ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሚለምኑበት መንገድ ሁሉ፣ ነገሥታት ወርቅ እንደሚበትኑ እርሳቸው ጠርሙስ እየበተኑ አለፉ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱም የጎረቤት ሰላምታ እንደ ቀረጥ ያስቆማቸው ነበር፤ «እንዴት አደርክ፣ እናት ደኅና፣ አባት ደኅና፣ ሆላንድ ደኅና፣ ያ ባሕራችሁ እንዴት አደረ፣ አልመጣም?» ለዚህ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ቢሮ ሲደርሱ ፀሐይ ከራስ በላይ ትሆናለች። ሥራቸው የከተማ ጽዳትና ውበት ነበረ፤ ለዚሁም ማዕርግ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሰደርያ ተሸልመው ነበር። ይህን ሰደርያ አንባቢ በልቡ ያኑር፤ መዘዝ ያመጣልና።

የጂንካ ቦኖ ሕግ ከፍትሐ ነገሥት የሚያንስ አይደለም። ውሃ በዚያ ሰፈር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይመጣል፤ ሲሰለቸውም ይሄዳል። ቅዳሜ ደግሞ ታላቁ ገበያ ነው። አንድ ሰው በገበያና በቧንቧ መካከል ለሁለት ሊተረተር አይችልምና የሰፈሩ ሊቃውንት ጥበብ ሠሩ፤ ሰው ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይሰለፋል። በሌሊት መጥቶ ድንጋዩን ያኖረ፣ ውሃው ሲመጣ ከድንጋዩ አጠገብ ብቅ ይላል፤ ማንም «ከየት መጣህ?» አይለውም። ድንጋይ ማለት ሰው ነው። ድንጋይን ከወረፋ ያነሣ፣ ሰውን ከነአልጋው አንሥቶ እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ሄኖክ ግን ይህን አያውቁም ነበር። እርሳቸው ለውሃ ሲመጡ በአካላቸው፣ ከሁሉ ኋላ፣ ፀሐይ ላይ ይገተሩ ነበር፤ ውሃው ሲመጣም ያ ሁሉ ሕዝብ ከየት ፈልቆ ከፊታቸው እንደሚቆም ሳይገባቸው ይኖሩ ነበር። ሰውም በበኩሉ «ምስኪን፣ ይህን የሚያህል ልጅ ራሱ ይሰለፋል! አንድ ድንጋይ የሚሰጠው ዘመድ እንኳ የለውም?» እያለ ያዝንላቸው ነበር።

በዚያች ቅዳሜ የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነው። ከቧንቧው ሥር፣ የዳቦ ጋጋሪዋ የሙሉነሽ ጉልቻ፣ በጥላሸት የጠቆረች፤ ቀጥሎ አንገቱ የተሰበረ እንስራ፣ ባለቤቱ ገና እንቅልፍ ላይ ያለ፤ ሦስተኛ፣ የእመት አልማዝ የወፍጮ ስባሪ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ እንደ ዳኛ ጸጥ ያለች፤ በመካከል የባሻ ሸዋንግዛው ነጭ ድንጋይ፣ ለክብሯ ግራና ቀኝ ሰፊ ቦታ የተተወላት፤ ከእርሷም ኋላ የቀኝ እግር በረባሶ ጫማ፣ ቂጡ የተቀደደ የዘይት ቆርቆሮ፣ ስም የለሽ ጠጠርና አለት እንደ ጭፍራ ተከታትሎ፣ በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር የአናጺው የሚልክያስ ግማሽ ብሎኬት። ይህ ሁሉ ሠራዊት ያለ ጩኸት፣ ያለ ግፊያ፣ ያለ ሐሜት ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

የእመት አልማዝ ነገር ግን ከሁሉ የከበደ ነበር። እመት አልማዝ አያታቸው ከሸዋ ወርደው ጂንካን የቆረቆሩ (እንዲህ ይላሉ)፣ በከተማው በርበሬ የሚነግዱ፣ ሄኖክንም በግቢያቸው ያኖሩ እመቤት ናቸው። ሄኖክ ወባ በያዛቸው ጊዜ አጥሚት አፍልተው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ «በሰው ሀገር ሞተህ እኔን ለሆላንድ እንዳታስጠይቀኝ» እያሉ ያዳኗቸው እርሳቸው ናቸው። በማግስቱ እሑድ ለልጃቸው ለትህትና ሽማግሌ ይመጣ ነበር። ቤቱ ይታጠባል፣ ወጥ ይሠራል፣ የሽማግሌ እጅ ይታጠባል፤ በበርሜሉ ውስጥ ግን ከአንዲት ጊንጥ በቀር የቀረ አልነበረም። ሽማግሌ እጁን ሳይታጠብ ከወጣ ወሬው እርሱ ሳይደርስ አርባ ምንጭ ይደርሳል፤ ትህትናም ለእናቷ ደረቅ በርሜል ስትል ቆማ ትቀራለች። ስለዚህ እመት አልማዝ ዶሮ ሳይጮህ ድንጋያቸውን ሦስተኛ አድርገው አኖሩ፣ አማተቡባት፣ ወደ ገበያ ወረዱ።

ወበይእቲ ዕለት ሄኖክ ጀሪካናቸውን በብስክሌት አስረው፣ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ማንም ሳያዛቸው ማልደው ወደ ቦኖው ደረሱ። ባዩም ጊዜ ልባቸው በቅንዓተ ጽዳት ነደደ። በቧንቧው ሥር ረግረግ፤ በመተላለፊያው ላይ ድንጋይ፣ ስባሪ፣ አሮጌ ጫማ! «የኮብልስቶን ሠራተኞች የጣሉት ነው፤ ጀሪካን የተሸከመች እናት ብትደናቀፍስ?» አሉ በልባቸው። በኮንሶ ሲያልፉ የእርከኑን ካብ አይተው እጃቸውን የበላቸው ሰው ናቸውና፣ የአባቶቻቸውም ደም ውሃን በካብ ክበብ ክበብ አላቸውና፣ ሰደርያቸውን አጥብቀው ተነሡ። አስቀድመው ያቺን ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ አዩ፤ «ይህችማ የማዕዘን ናት» ብለው ከወረፋው መካከል መዝዘው ከሁሉ በታች አኖሯት። ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ዳር፣ ከሚልክያስ ብሎኬት ጀምረው፣ አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ቧንቧው እየቀረቡ፣ ረድፍ በረድፍ ካቡ። በረባሶዋን በስንጥቅ ወተፏት።

የቧንቧው ቁልፍ እመቤት ቦሼ በቆርቆሮ ዳሷ ጥላ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ሰደርያውን አየች። ሰደርያ የለበሰ ፈረንጅ ድንጋይ ሲያነሣ ያየ የጂንካ ሰው ምን ይላል? «ከላይ ትእዛዝ መጥቷል» ይላል። በዘመነ ኮብልስቶን ሰደርያ የለበሰ ሁሉ ያነሣል፣ ይቆፍራል፣ ይሄዳል፤ ማን ጠይቆ ያውቃል? ቦሼም አልጠየቀችም። እንዲያውም የባሻ ነጭ ድንጋይ ከብዷቸው ሲያቃስቱ አይታ ተነሥታ በአንድ ጎን ያዘችላቸው። ይህን ነገር በኋላ በአደባባይ አላነሣችውም።

ካቡ በተፈጸመ ጊዜ ጉልበት የሚደርስ፣ እንደ ክራር የተቃኘ፣ ረግረጉን እንደ ዘውድ የከበበ ሆነ። ሄኖክ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው እጃቸውን በወገባቸው አድርገው አደነቁት። የኮንሶ ሰው ቢያየው «ለጀማሪ አይከፋም» ይል ነበር። በዚያች ቅጽበት ቧንቧው ሳለ፤ አንዴ አየር፣ አንዴ ቀይ አክታ፣ ከዚያም ውሃ! «መጣ!» የሚል ጩኸት ከቦኖው እስከ ገበያው ነጎደ።

ወመጽኡ ኵሎሙ። ጎመን የታቀፈች መጣች፣ ፍየል የሚጎትት መጣ፣ ጨው ሲመዝን የነበረ ሚዛኑን እንደያዘ መጣ፤ ጀሪካን በራስ፣ ጀሪካን በጀርባ፣ ጀሪካን በጋሪ፣ ምድሪቱ በጀሪካን ቢጫ ሆነች። ሁሉም በለመደው ቦታ ብቅ ሲል ድንጋዩ የለም። ጸጥታ ሆነ። ፍየሉ ብቻ ጮኸ። ሄኖክም ሕዝቡ በካቡ ውበት ተገርሞ ዝም ያለ መስሏቸው በትሕትና ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ብዕር አይችለውም። በሌሊት የተኖረ ድንጋይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱን እንጂ የፊተኛውን አያውቅም፤ የሚያስታውስም ሁሉ ለራሱ አስታወሰ። አንደኛ የነበሩት በዚያች ሰዓት አርባ ሆኑ። እመት አልማዝም የበርበሬ ዘንቢላቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የወረፋን ጠላት ጆሮውን ይድፈነው! እኔ አልማዝ ድንጋዬ ሦስተኛ ነበረች! ነገ ሽማግሌ ይመጣብኛል! በምን ላስታጥበው፣ በእንባዬ? ሄኖክ! ያንን ሁሉ አጥሚት ያጠጣሁህ እንዲህ ልታደርቀኝ ነው? ይኸው ድንጋዬ፣ ከሁሉ በታች ጭቃ ውስጥ ተቀብራለች! በቁሜ ቀበርከኝ እኮ!»

ሄኖክ ያን ጊዜ ነገሩ በራላቸው፤ ፊታቸውም ከአፍንጫቸው ይልቅ ቀላ። ቦሼ ደግሞ ቧንቧውን ዘጋች፣ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጠረች፣ አዋጇም አጭር ነበረ፦

«ድንጋይ የለም፣ ውሃ የለም። ወረፋ አምጡ፣ እከፍታለሁ። ካልሆነ ውሃው የሚሄድበትን ያውቃል። እኔ ጨረስኩ።»

ሁሉም ደነገጠ። ውሃው ለሌላ ሰፈር የሚዞርበት ሰዓት እየቀረበ ነበርና። ይህን ጊዜ የሁሉ ኋለኛ አናጺው ሚልክያስ፣ ቅዳሜ አናጺ እሑድ ሰባኪ የሆነው፣ ፍየሉ የታሰረበት ጉቶ ላይ ወጥቶ አወጀ፦

«ወንድሞች ሆይ! እህቶች ሆይ! ወረፋው አልጠፋም፣ ተኝቶ የነበረው ቆመ እንጂ! ካቡን አንብቡ! አስቀድሞ የተነሣው ታች ነው፣ ኋላ የተነሣው ላይ ነው። የኔ ብሎኬት ታች ናት። ስለዚህ ታችኛው አንደኛ ይሁን! ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ ተብሎ የለም? ሃሌ ሉያ!»

ከኋላ የነበሩት ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ። ከፊት የነበሩት ግን የዚያን ቀን ጥቅሱን አልወደዱትም። ባሻ ሸዋንግዛው፣ በጦር ሠራዊት ያገለገሉ፣ ሲናገሩ ከዘራቸው ቀድሞ የሚናገር ሽማግሌ፣ መሬቱን ደልቀው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ዝም በል፣ አናጺ! ጥቅስ ለእሑድ ነው፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው! የካቡ ንባብ ግን ልክ ነው። የቀረው አንድ ነገር ነው። ልጅ ሄኖክ ይናገር፤ ከመንገዱ ጀመረ ወይስ ከቧንቧው? ከቧንቧው ጀምሮ ከሆነ ታችኛው ፊተኛ ነው። ከመንገዱ ከሆነ ታችኛው ኋለኛ ነው። የተናገረው ይጸናል!»

አቤት የዚያች ሰዓት ጭንቅ! ሄኖክ አሰቡ። ከቧንቧው ጀመርኩ ቢሉ ከሁሉ በታች ያለችው የአልማዝ ድንጋይ አንደኛ ትሆናለች፤ በርሜሉ ይሞላል፣ ሽማግሌው ይታጠባል፣ ትህትና ትዳራለች፣ ሄኖክም ራታቸውን ይበላሉ። እውነቱን ቢናገሩ ግን የአልማዝን ብቻ ከመሃል መዘዝኩ ማለታቸውን የሚያምን የለምና፣ አልማዝ ከሚልክያስ ብሎኬት እንኳ ኋላ ይቀራሉ፤ ውሃውም እስከዚያ አይቆይም። ቀና ብለው አዩ። እመት አልማዝ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው፣ በቅንድባቸው ወደ ቧንቧው፣ ደግመው ወደ ቧንቧው፣ ሠልሰው ወደ ቧንቧው ይጠቁሙ ነበር። ያ አጥሚት በሄኖክ ጉሮሮ እንደ ገና ሞቀ።  ኋላም ያላቸውን አማርኛ ሁሉ ሰብስበው አወጁ፦

«እኔ ከመንገድ ጀመርኩ። ታች ኋላ ነው። ላይ ፊት ነው። የእማማ አልማዝ ድንጋይ ግን ከሁሉ በፊት ወሰድኩ፤ ከመሃል ወሰድኩ፣ ከቧንቧ ሦስተኛ፤ ምክንያቱም በጣም ቆንጆ ነው። ይቅርታ። ድንጋይ ሰው መሆኑን አላወቅሁም።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ግማሹም «እንዴ! ለአከራዩ ሲሆን ከመሃል ነው?» ብሎ አጉረመረመ። እመት አልማዝ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጡና፦

«ተወው! ተወው ይበቃል! ከዛሬ ጀምሮ ሽሮህን ሆላንድ ሄደህ ብላ!»

ያን ጊዜ ባሻ ሸዋንግዛው ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ፍየሉም ዝም አለ። ፍርዳቸውም ይህ ነበረ፦

«ሰማችሁ? ይህ ልጅ በማን ቤት ነው ያለው? በአልማዝ። የማንን እንጀራ ይበላል? የአልማዝን። 'ከቧንቧው' ቢል አንድ ቃል ትበቃው ነበር፤ እሷም በቅንድቧ ስትነግረው እኔ አይቻለሁ፣ አልማዝ፣ አትካጂ! እሱ ግን ራቱን አስቀርቶ ተናገረ። በገዛ ሆዱ ላይ የመሰከረ ሰው አይዋሽም። እንግዲህ 'ከመንገድ ጀመርኩ' ያለውን ካመንን፣ 'ከመሃል ወሰድኳት' ያለውንም እናምናለን። ግማሹን ማመን የለም! ወረፋው ከላይ ወደ ታች ይነበብ፤ የአልማዝ ድንጋይ ሦስተኛ ትግባ። ያፈረሰው ይመልስ!»

«ይመልስ!» አለ ሕዝቡ፤ እልልታም ሆነ። ሄኖክም ካቡን ከላይ ጀምረው አፈረሱ፣ ድንጋዮቹንም እንደ ዕንቁላል በሁለት እጃቸው ታቅፈው እየመለሱ አሰለፉ። ባለ ድንጋይ ሁሉ አጠገባቸው እየሄደ ያዝዝ ነበር፤ አንዷ «ቀስ፣ እሷ ትሰበራለች!» ስትል፣ ባሻ ራሳቸው «በፊቷ አስተኛሃት እኮ፣ አዙራት!» ይሉ ነበር። የማዕዘኗን ድንጋይ ሊመዝዙ ሲጎትቱ አንሸራተታቸውና በረግረጉ መካከል በቁመታቸው ሁሉ ተዘረጉ፤ ድንጋይዋን ግን ከጭቃው በላይ አንሥተው ይዘዋት ነበር። እመት አልማዝ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም፤ ከዚያች ሳቅ ጋር ቁጣው ሁሉ ወጣ።

ቦሼ ቁልፏን ፈታች። ሙሉነሽ ቀዳች፣ ባለ እንስራው ቀዳ፣ ሦስተኛ እመት አልማዝ ጋሪ ሙሉ ጀሪካናቸውን አስቀዱ፣ ከዚያም ሁሉም በየተራው፣ እስከ ሚልክያስ። ከሚልክያስ ኋላ በጭቃ የተለበጡት ሄኖክ ጀሪካናቸውን ሲያቀርቡ ቧንቧው አንድ ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ። ሕዝቡ ይህን አይቶ አልሄደም። ማንም ሳያውጅ አንዱ ከጀሪካኑ ጣሳ ሙሉ ጨመረ፣ ሌላዋም ጨመረች፤ ያቺ ባዶ ጀሪካን በጣሳ ብቻ ሞልታ ፈሰሰች።

በማግስቱ እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ በዋርካ ጥላ እንደ ቆሙ «ካልተፈቀደልን አንቀመጥም» አሉ። መሪያቸውን ባዩ ጊዜ እመት አልማዝ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ባሻ ሸዋንግዛው ነበሩ፣ በዚያው በቅዳሜው ውሃ የታጠበ ነጭ ጋቢ ለብሰው! ሄኖክ ማስታጠቢያውን ይዘው ለሁሉም አፈሰሱ፤ ውሃው ተርፎ ለሁለተኛ ጊዜ አፈሰሱ። ባሻም እጃቸውን እያደረቁ፣ የመጡበትን ጉዳይ ከመናገራቸው በፊት፣ እንዲህ አወጁ፦

«መጀመሪያ አንድ ነገር። ይህ ልጅ ከእንግዲህ በአካሉ አይሰለፍ! ያሳፍረናል። ድንጋይ ይኑረው!»

ወእምድኅረዝ ልጅቱ ተጠየቀች፣ ተፈቀደችም። የአዋጁም ነገር ከልጅቱ ነገር ቀድሞ በከተማው ተሰማ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚልክያስ የብሎኬቱን ሌላ ግማሽ ከአናጺ ቤቱ ተሸክሞ መጥቶ ለሄኖክ እንደ ርስት ሰጠ፤ ትህትናም በጎኗ ላይ በሰማያዊ ቀለም «አባ ካብ» ብላ ጻፈችባት። እነሆ የብስክሌት ስማቸው ከዚህ ተወለደ። ከዚያም ጀምሮ ሁለቱ የአንድ ብሎኬት ግማሾች በወረፋው መጨረሻ ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቁ ጀመር፤ ሄኖክም ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜን እንደ ሰው ገበያ ዋሉ።

ዘመናቸው በተፈጸመ ጊዜ ወደዚያች ከባሕር በታች ወዳለች ሀገር ተመለሱ። ብሎኬቷ ግን አልተመለሰችም። አዲስ ሰው መጥቶ «ይህች የማን ናት?» ሲል፣ «የሄኖክ ናት፤ ይመጣል» ይሉታል። ውሃው እርሷ ጋ በደረሰ ቀን ቦሼ አንድ ጀሪካን ሞልታ፣ ድንጋይ ለሌለው፣ ሰልፉን በአካሉ ለቆመ እንግዳ ትሰጣለች።

እንግዲህ ማን ይመስላቸዋል? ባሕርን ካባረሩ አባቶች ተወልደው በአንድ ጣሳ ውሃ ነገር እውነትን የተናገሩ፣ በእጃቸው ያፈረሱትን በእጃቸው የካቡ፣ በጭቃ ወድቀው ድንጋይ ያላስነኩ፣ የበር ጉበን ጌታ፣ የሃይላንድ በታኝ፣ የሰደርያ ባለ ግርማ፣ አባ ካብ! ለሌሎች ጀግኖች ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ሐውልት ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። የአባ ካብ ድንጋይ በየቅዳሜው አንድ አንድ እርምጃ ወደ ውሃው ይጠጋል።